የመንገድ ዳር ችግር ወደ ሥራ ሐሳብ እንዴት ይለወጣል?

ችግር የሌለበት ቤትና ችግር የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ አይገኝም። የሰው ልዩነቱ አንዱ ችግሩን እያማረረ ሲያልፈው፥ ሌላው ግን ቆም ብሎ «ይህ ነገር ከምን መጣ? በምንስ ሊቃለል ይችላል?» ብሎ መጠየቁ ላይ ነው። ከትምህርት ፍሬዎች ትልቁ ይህን ጥያቄ መጠየቅ መቻል ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በየቀኑ የምናየውን ችግር በእጅ ስልክ ላይ ለሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ሐሳብ አድርጎ ለመለወጥ ምን ምን ማድረግ እንደሚገባ፥ በዚህም ሥራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲስ ዕውቀት የት ላይ እንደሚረዳና የት ላይ እንደማይረዳ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች በአጭሩ መግለጽ ነው። ምሳሌዎቹን የወሰድሁት ብዙዎቻችን ጧትና ማታ ከምንመላለስበት ከቸርችል ጎዳናና ከፒያሳ ነው።

በመጀመሪያ የቃሎቹን ትርጉም ማወቅ ይገባል። አፕሊኬሽን፥ በአጭሩ አፕ የሚባለው፥ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር አንድን የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ የሚያዝዙ ትእዛዞች ስብስብ ነው። በስልካችን ላይ ያለው የሒሳብ መሣሪያ አፕ ነው፤ ቀን መቍጠሪያውም አፕ ነው፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ የምንልክበት ቴሌብርም እንዲሁ ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለውን ነገር ለመሥራት የኮምፒዩተርን ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ መማር ግድ ነበር። ዛሬ ግን ሰው በራሱ ቋንቋ ፍላጎቱን ሲገልጽላቸው ትእዛዙን የሚጽፉ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ቻት ጂፒቲ የተባለው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ የእነዚህ መሣሪያዎች ስም በየቤቱ ተሰምቷል፤ ጄሚናይና ክሎድ የተባሉትም የዚሁ ወገን ናቸው።

የአሠራራቸው ምሥጢር እንደሚከተለው ነው። መሣሪያዎቹ እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደርገው፥ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል መገመትን ተምረዋል። ንግግራቸው የለሰለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን አንደበተ ርቱዕ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። «ዛሬ ከለገሃር ፒያሳ ታክሲ ስንት ነው?» ብንላቸው፥ አያውቁምና ዝም ማለት ሲገባቸው፥ ረዳቱ እንኳ የማያውቀውን ቍጥር ቍርጥ አድርገው ሊነግሩን ይችላሉ። ስለዚህ እንደ ፈጣን ጸሐፊ እንጂ እንደ ምስክር አድርገን ልናያቸው አይገባም።

ከችግር ተነሥቶ አፕ መሥራት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ራይድ የሚባለውን የታክሲ ጥሪ አገልግሎት ያቋቋሙት ሳምራዊት ፍቅሩ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በ17 ዓመታቸው ነው። ከትምህርታቸው በኋላ በፕሮግራም ሥራ ተቀጥረው እስከ ማታ ሲቈዩ፥ በምሽት ታክሲ ማግኘቱ ያሠጋቸው፥ በዋጋ መከራከሩም ያስቸግራቸው ነበር። የሥራቸው መነሻ ይህ ነው። ሲጀምሩትም በስልክ አጭር መልእክት የሚሠራ ቀላል ዘዴ ሲሆን፥ በ8294 የሚደረገው የስልክ ጥሪና አፑ እያደር የመጡ ናቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ሐሳቡ የፈለቀው በምሽት መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ ከመጠበቅ ነው። ሁለተኛ፥ ዛሬ ትልቅ የሆነው ሥራ ሲጀመር ትንሽ ነበር።

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። ቸርችል ጎዳና ከቀድሞው የለገሃር ምድር ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት ይደርሳል። በግራና በቀኙ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፥ የትግላችን ሐውልት፥ ዋናው ፖስታ ቤት፥ ሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት፥ ከፍ ብሎም ቴዎድሮስ አደባባይ ይገኛሉ። በአንድ ቀን ውስጥ በሽተኛ የሚያስታምም፥ ደብዳቤ የሚልክ፥ ነጋዴ፥ ተማሪ፥ ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ ያልፍበታል። እያንዳንዱም የራሱን ጉዳይ ይዞ ስለሚያልፍ፥ ችግርን ለሚያጠና ተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ክፍል አይገኝም።

እስቲ ሦስት ችግሮችን መርጠን እንመልከት።

አንደኛው ከክፍለ ሀገር በሽተኛ ይዞ ወደ አንድ ትልቅ ሐኪም ቤት የመጣ ሰው ችግር ነው። ካርድ የሚወጣበትን፥ ደም የሚመረመርበትንና መድኃኒት የሚገዛበትን ክፍል ስለማያውቅ ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ይመላለሳል። ሁለተኛው የፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ችግር ነው። በአገራችን ደብዳቤ ባብዛኛው የሚደርሰው በሣጥን ቍጥር ስለ ሆነ፥ ሰውዬው ከአራዳ ዳገቱን ወርዶ፥ ሣጥኑን ከፍቶ፥ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ዳገቱን መልሶ ይወጣል። ሦስተኛው ደግሞ ለብዙ ዓመት የሚያውቀውን የእጅ ባለሙያ ያጣ ሰው ችግር ነው። እንደሚታወቀው፥ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በአካባቢው ብዙ ቤቶችና ሱቆች ለልማት ተነሥተዋል፤ መንገዱም ሰፍቷል፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም በዚያው ዓመት ተመርቋል። ከሱቆቹ ጋር ልብስ ሰፊው፥ ሰዓት ሠሪው፥ ጫማ ሠሪው፥ ወርቅ ሠሪው ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ሄደዋል። ደንበኛው በድሮው ቦታ ቆሞ «እዚህ ይሠሩ የነበሩት ሰውዬ የት ገቡ?» ሲል ይጠይቃል።

ሦስቱም እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ ለተማሪ ግን እኩል አይመቹም። የሚመቸውን ለመለየት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ መረጃው በማን እጅ ነው? ብንሳሳት ማን ይጐዳል? ሥራውን ነገ ማን ይቀጥለዋል? የፖስታው ሣጥን መረጃ በመሥሪያ ቤቱ እጅ ስለ ሆነ ያለ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድና ትብብር ተማሪ ሊነካው አይችልም። የሐኪም ቤቱ ጉዳይ ክፍል ለማሳየት ብቻ ከሆነ በኀላፊዎቹ ፈቃድ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን አፑ አልፎ ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት ምክር መስጠት ከጀመረ፥ የአንድ ቃል ስሕተት የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላልና ወደዚያ መግባት አይገባም። የእጅ ባለሙያዎቹ ጉዳይ ግን ይመቻል። መረጃው በራሳቸው በባለሙያዎቹ እጅ ነው፤ ብዙዎቹም ደንበኞቻቸው እንዲያውቁላቸው ይፈልጋሉ። ብንሳሳትም ስሕተቱ በአንድ ስልክ ጥሪ ይታረማል። ስለዚህ ይህን ሦስተኛውን መርጠን ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሄድ እንከተል።

የመጀመሪያው ደረጃ ችግሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ነው። «ሰው ሱቅ አጣ» ማለት አይበቃም፤ ማን፥ ምን ፈልጎ፥ ምን እንደ ጐደለበት መገለጽ አለበት። እንዲህ ብለን ብንጽፍ ይሻላል፦ «በፒያሳ ልብስ ያሰፋ የነበረ ሰው ልብስ ሰፊው የት እንደ ሄደ ባለማወቁ ባለሙያውን አጥቷል፤ ልብስ ሰፊውም ደንበኛውን አጥቷል።» በዚህ ጊዜ ተጐጂው አንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ይገለጥልናል። የልብስ ሰፊ ሀብቱ መኪናው፥ መቀሱና መርፌው ብቻ አይደለም፤ ልኩን በቃሉ የሚያውቀውና ቃሉን የሚያምነው ደንበኛ ነው። ስፌት መኪናውን በአንድ ቀን በጭነት መኪና ማጓጓዝ ይቻላል፤ በሃያ ዓመት የተገኘው ደንበኛ ግን አብሮ አይጫንም። የልጆቹ እንጀራ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ወጥቶ መጠየቅና መቍጠር ነው። ደብተር ይዞ፥ ሳይቸኩሉ፥ ቢያንስ ዐሥር ደንበኛና ዐሥር ባለሙያ ማነጋገር ያስፈልጋል። ስልካቸው ምን ዐይነት ነው? አማርኛ ማንበብ ይችላሉ? ኢንተርኔት ሁል ጊዜ አላቸው? እስከ አሁን ሲቸግራቸው ምን ያደርጋሉ? የሚሉት ጥያቄዎች መቅረት የለባቸውም። ከጠየቅናቸው ውስጥ ብዙዎቹ የያዙት ተራ ባለ ቍልፍ ስልክ ከሆነ፥ ባለ ብዙ ሥዕሉ አፕ ምንም አይጠቅማቸውም፤ በአጭር መልእክት ወይም በጥሪ የሚሠራ ነገር ይሻላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አፕ ጭራሽ የማያስፈልግ ሆኖ ይገኛል። በአካባቢው ባለው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ በወረቀት የተጻፈ ዝርዝር ቢለጠፍ ይበቃ ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ወር ከመድከም ያድናል። ይህን ደረጃ ሰው ሠራሹ አስተውሎት ሊሠራልን አይችልም፤ እግር የለውምና ቸርችልን ሽቅብ አይወጣም።

ሦስተኛው ደረጃ በወረቀት ላይ መንደፍ ነው። እርሳስና ወረቀት ይበቃል። የስልክ መልክ ያላቸው ሦስት አራት ማዕዘኖች ይሣላሉ። በመጀመሪያው ላይ የሙያው ዐይነት ይሰፍራል፦ ልብስ ሰፊ፥ ሰዓት ሠሪ፥ ጫማ ሠሪ፥ ወርቅ ሠሪ። በሁለተኛው ላይ በዚያ ሙያ ያሉት ሰዎች ስም ይዘረዘራል። በሦስተኛው ላይ የአንዱ ባለሙያ ዝርዝር ይጻፋል፦ ሰው የሚጠራበት ስም፥ ድሮ የነበረበት ቦታ፥ ዛሬ ያለበት ቦታ፥ ከፈቀደ የስልኩ ቍጥር፥ መረጃው የተረጋገጠበት ቀን። ከዚህ የበለጠ መጨመር የሚያምረን ሁላችንም ነን፤ ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነውና የመጀመሪያው ሥራ በሦስት ገጽ ቢወሰን ይመረጣል።

አራተኛው ደረጃ ለመሣሪያው መንገር ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ብዙ ሰው «የሱቅ አፕ ሥራልኝ» ብሎ ይጽፍና ዕቃ መሸጫ፥ የባንክ ካርድ መክፈያና የዕቃ ማመላለሻ ያለበት፥ ለሌላ አገር የሚስማማ ነገር ይመጣለታል። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የተነገረው ይኸው ብቻ ነው። ይልቅስ እንደሚከተለው መጻፍ ይገባል።

«በአዲስ አበባ፥ በፒያሳ ይሠሩ የነበሩና ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱ የእጅ ባለሙያዎችን ደንበኞቻቸው እንዲያገኟቸው የሚረዳ ትንሽ ገጽ መሥራት እፈልጋለሁ። የሚጠቀሙበት ሰዎች ባብዛኛው በዕድሜ የገፉ ስለ ሆኑ ፊደሉ ትልቅና በአማርኛ ይሁን። ሦስት ገጽ ብቻ ይኑረው፤ ዝርዝራቸውንም ከዚህ በታች ጽፌአለሁ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመጨረሻውን ዝርዝር ማሳየት ይቻል። ገንዘብ መክፈያ አያስፈልግም። ትእዛዙን ከመጻፍህ በፊት ያልገባህን ጠይቀኝ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ አስረዳኝ።»

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ለተማሪ ከሁሉ ይበልጣሉ። መሣሪያው እንዲጠይቀን ካደረግን የረሳነውን ያስታውሰናል፤ እንዲያስረዳን ካደረግን ደግሞ ሥራው አልቆ ዕውቀቱ ከእኛ ዘንድ ይቀራል። ሳይገባው የተሠራለትን የሚቀበል ተማሪ ግን ነገ ሲበላሽበት ለማረም አይችልም።

አምስተኛው ደረጃ ከእኛ ለማይመስል ሰው ሰጥቶ መፈተን ነው። ስልኩን ለአያት ወይም ለጎረቤት አዛውንት ሰጥቶ «የድሮ ሰዓት ሠሪዎን ፈልገው ያግኙ» ብሎ ዝም ማለት ነው። «እዚህ ጋ ይጫኑ» ማለት አይፈቀድም። ጣታቸው የሚያመነታበትን ቦታ ሁሉ በደብተር መጻፍ፥ ከዚያም ማረም ይገባል። ችግሩ ያለው ከሰውዬው ሳይሆን ከሥራችን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ መሣሪያው ስለ እኛ አገር ሳይነገረው የማያስባቸውን ጥቂት ነገሮች ልዘርዝር፤ ልምድ የሌለው ሠራተኛ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና።

ስለ ቀን፦ የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ ጳጉሜም አንዳንዴ 5፥ አንዳንዴ 6 ቀን ነው። መሣሪያው ካልተነገረው በአውሮፓ አቈጣጠር ይሠራል። ስለ ሰዓት፦ ባለሙያው «ከጧቱ 3 ሰዓት እከፍታለሁ» ሲል በአውሮፓ አነጋገር 9 ሰዓት ማለት ነው። ይህ ካልተገለጸ ደንበኛው በሌሊት ሊሄድ ነው። ስለ ስም፦ ገጹ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ግን የራሳችንና የአባታችን ስም እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም። ስለ አድራሻ፦ የመንገድ ስምና የቤት ቍጥር ሙሉ ብሎ ያስቸግራል፤ የእኛ ሰው ግን «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፥ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት» ብሎ ነው የሚያስረዳው። ስለዚህ ለአድራሻ ሰፊ ባዶ ቦታ መተው ይገባል።

ስለ ፊደልም አንድ ነገር ልጨምር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ሀ፥ ሐና ኀ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀም እንዲሁ። ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ባለሙያው «ኃይሉ» ተብሎ ተመዝግቦ ደንበኛው «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልግ «አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣል። ሰውዬው ግን አለ። «ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ቍጠር» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብንጨምር ይህ ጣጣ ይወገዳል። የአማርኛ ትምህርታችን ለኮምፒዩተር ሥራ ምን ይጠቅማል ለሚሉ ጓደኞቼ ይህ መልስ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መሣሪያው የሚያውቀው የተመገበውን ብቻ ስለ ሆነ ነው። በአዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት የኮምፒዩተር ሊቅ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 በአውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጥናት፥ ፊት አይተው ወንድና ሴትን የሚለዩ መሣሪያዎች ቆዳቸው ፈካ ባለ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 በመቶ ያነሰ ሲሆን፥ ቆዳቸው ጠቈር ባለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ይደርስ እንደ ነበር አሳይተዋል። ስለ እኛ ያላወቀውን እኛው ካልነገርነው ከየትም አያገኘውም።

የሰውን ምሥጢር መጠበቅም ዋና ነገር ነው። የባለሙያው ስልክ ቍጥር የራሱ ነው፤ ሳይጠየቅ አይለጠፍም። በተለይም የባለ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ወይም የእድር ሒሳብ የመሰለውን፥ የጎረቤት ዕዳ የተጻፈበትን ነገር፥ ለሰው ሠራሹ አስተውሎት ገልብጦ መስጠት አይገባም። ለሙከራ የፈጠራ ስምና የፈጠራ ቍጥር ይበቃል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከሕጉም በፊት ግን ለጎረቤት ማሰብ ባህላችን ነው።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ይቀጥለዋል?» የሚለው ነው። ባለሙያ እንደ ገና ቦታ ይለውጣል፤ ስልኩ ይቀየራል። ያረጀ ዝርዝር ሰውን በከንቱ ያንከራትታልና ከባዶ ይከፋል። ስለዚህ በየወሩ እየደወለ የሚያረጋግጥ ሰው አስቀድሞ መመደብ አለበት። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ሥራውን ተከፋፍለው ቢይዙትና በዓመቱ መጨረሻ ለታናናሾቻቸው ቢያስረክቡት መልካም ይሆናል።

መምህራኖቻችን ይህን ሥራ በክፍል ውስጥ ቢያስለምዱን ኮምፒዩተር፥ አማርኛ፥ ሒሳብና የኅብረተሰብ ትምህርት በአንድነት ይገናኙበታል። ትምህርቱን ማስፋት ለሚወድ ተማሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ያለ ክፍያ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ወላጆቻችንም ልጃቸው በስልክ ላይ ሲቈይ ባዩት ጊዜ «ምን እያየህ ነው?» ከሚሉት ይልቅ «የማንን ችግር ልትፈታ ነው?» ብለው ቢጠይቁት፥ መልሱ ካለው ይረዱታል፤ ከሌለውም ያስቡበታል። ደግሞ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የዕድሜ ገደብና የወላጅ ፈቃድ ስለሚጠይቁ፥ አብረው ተቀምጠው ቢጀምሩት የተሻለ ነው።

እናንተም ጓደኞቼ፥ ነገ ጧት በቸርችል ስታልፉ ደብተራችሁን ያዙ። አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ወዲያና ወዲህ ሲመለከት ብታዩ ምን እንደሚፈልግ በትሕትና ጠይቁት፤ መልሱንም ጻፉ። በክረምቱ ዕረፍት ከእነዚህ መልሶች አንዱን ይዘን በአንድነት እንድንሠራ እያሳሰብሁ ጽሑፌን በዚህ እፈጽማለሁ።